ወይራው ሥር ያልተቀበረው

አያ ካሤን ማነጋገር የፈለገ ሰው በግራው በኩል መቆም አለበት፤ ቀኝ ጆሮው አይሰማም። ከጎጃም በመምህርነት ተመድቤ ሰቆጣ ከመጣሁ ጀምሮ የምኖረው እሱ ግቢ ውስጥ ነው። እሱ ሰቆጣ ዙሪያን እየዞረ የተበላሹ የውኃ ፓምፖችን ይጠግናል። ጠዋት የመፍቻ ከረጢቱን በትከሻው አንግቶ ይወጣል፤ ማታ እጁ በግራሶ ጠቁሮ ይገባል። ፓምፑ ውኃ መትፋት ሲጀምር ሴቶቹ እልል ካሉ ያፍራል አሉ። ዕቃውን በቅጡ ሳይሰበስብ ይሄዳል።

በጦርነቱ ጊዜ በሚሊሻነት ዘምቶ ነበር። አንድ ቀን እንዴት እንደነበር ጠየቅሁት። “ይበርዳል” አለኝና ወደ መፍቻው ተመለሰ።

ከግቢያችን አጠገብ እማማ ወለተሥላሴ ይኖራሉ። አንድ ልጃቸው ዝናቡ ከአያ ካሤ ጋር ዘምቶ አልተመለሰም። አያ ካሤ ሲመለስ በቀጥታ ወደ እሳቸው ቤት ሄዶ፣ “እማማ፣ ዝናቡ ሞቷል። የወደቀበትን ግን አላየሁም” አላቸው። አስከሬን ስላልነበረ በጋቢው ላይ አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ አያ ካሤን እንደ ልጅ ይዘውታል። እሑድ እሑድ ሳይበላ አይወጣም፤ ጣራቸው ሲያፈስ የሚወጣው እሱ ነው። ይህ አራት ዓመት ሊሞላው ነው።

አንድ እሑድ ከአያ ካሤ የቤት ቁልፍ ልቀበል ደሞዝ የሚባል ጓደኛው ፀጉር ቤት ሄድኩ። ደሞዝም ዘማች ነበር፤ አንድ እግሩን እዚያ ትቶ መጥቷል። እሑድ ከሰዓት ዘማቾቹ እሱ ቤት ይሰበሰባሉ። አያ ካሤ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ በአረፋ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ደሞዝ “አስተማሪ፣ ሳትቀመጪ አትሄጂም” ብሎ ወንበር ሳበልኝ።

ቴሌቪዥኑ ላይ አንዷለም የሚባል ስመ ጥር ጋዜጠኛ ለቃለ መጠይቅ ቀርቧል። ስለ ጦር ግንባር ያወራል።

“ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ከሚሊሻዎቹ ጋር ምሽግ ውስጥ አሳለፍኩ” አለ። “ዝናቡ የሚባል የሰቆጣ ልጅ እቅፌ ውስጥ ነው ያለፈው። ‘እናቴን አደራ፣ አገሬን አደራ’ ብሎኝ ዓይኑን ከደነ። ወደ ጽጽቃ መሄጃ ካለች አንዲት ሚካኤል፣ ከወይራው ሥር፣ በእነዚህ እጆቼ ቀበርኩት።” እጆቹን ዘርግቶ አሳየ። ጠያቂዋ እንባዋን ጠረገች።

ደሞዝ ምላጩን አስቀመጠ።

“ይሄ ያ የዝናቡን ጠመንጃ ተውሶ ፎቶ የተነሣው አይደለም?”

“ራሱ ነው! ዳገቱ ግርጌ መኪና ውስጥ ብስኩት ሲበላ የነበረው።”

“ሦስት ቀን? ሦስት ሰዓትም አልቆየ! በውኃ ቦቴው ተሳፍሮ ተመለሰ እኮ።”

“የመኪናው ጎማ የፈነዳ ጊዜስ? ከመኪናው ሥር ገብቶ፣ እግሩን ጎትተን አይደል ያወጣነው።”

“ኧረ ቀስ በሉ” አለ ደሞዝ ሰው ሠራሽ እግሩን መታ መታ እያደረገ፤ “ትንሽ ከቆየ የኔንም እግር እኔ ነኝ የቀበርኩት ይላል። ከቀበረው የት እንደሆነ ይንገረኝ፣ ጫማው አዲስ ነበር!”

ሳቁ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ሳቃቸው ግን ክፋት የለበትም። እነሱ “ምነው ባላየነው” የሚሉትን ነገር “አየሁ” ለማለት የሚመኝን ሰው በምን ይቆጡታል?

አያ ካሤ ብቻ አልሳቀም። ተነሥቶ አረፋውን በፎጣ ጠረገና ግማሽ ፊቱን ሳይላጭ ወጣ።

ማታውን እማማ ወለተሥላሴ ስልክ ይዘው መጡብኝ። የጎረቤት ልጅ ቃለ መጠይቁን አውርዳ ሰጥታቸዋለች።

“ልጄ፣ ይቺን ነገር አጫውቺልኝ እስቲ።”

አጫወትኩላቸው። አራት ጊዜ ሰሙት። ፀጉር ቤት የሰማሁት ሁሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ዋጥኩት።

“እስከ ዛሬ አውሬ በልቶት ይሆናል እያልኩ ነው የማድረው” አሉ። “ለካ ልጄ በሚካኤል ደጅ ነው ያረፈው። ይመስገነው።”

በማግስቱ ወደ ደብራቸው ሄዱ። ቄሱ አጽሙ ፈልሶ በተወለደበት ደብር ፍትሐት ተደርጎለት እንዲያርፍ ተስማሙ። አናጺ ዘንድ ትንሽ ሣጥን አዘዙ፤ ነጭ አቡጀዲ ገዙ። ከዚያ አያ ካሤ ዘንድ መጡ።

“ሐሙስ እንሄዳለን። ጉድጓድ የምታውቅ አንተ ነህ፤ ወይራው ሥር አንተ ቆፍርልኝ። ሌላ ሰው ዶማ ሰድዶ አጥንቱን እንዳይሰብርብኝ።”

“እሺ እማማ” አላቸው። ድምፁን ለመስማት መጠጋት ነበረብኝ።

ማክሰኞ ደሞዝ የአንዷለምን ስልክ ቁጥር ከሰው ከሰው አፈላልጎ አመጣ። አያ ካሤ ጆሮው ስለማይረዳው የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ግቢው መሐል ደወለ።

“ካሤ እባላለሁ፣ ከሰቆጣ። ከዝናቡ ጋር ነበርኩ።”

“ኦ፣ ጀግናው! እንዴት ናችሁ? ስለ እናንተ መናገሬን ሰማችሁ?”

“ሰማን። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወይራው ሥር ማነው ያለው?”

“አልገባኝም።”

“እናቱ ሐሙስ ሊያስቆፍሩ ነው። ማንን ነው የሚያገኙት?”

ወዲያ ማዶ በር ሲዘጋ ተሰማ።

“ወንድሜ…” አለ አንዷለም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ “ያ እንደ ማሳያ ነው። የብዙዎቹን ታሪክ በአንድ ሰው ለማሳየት ነው። ስሙን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌው ነበር፣ በኋላ መሞቱን ሰማሁ… ለእናቱም መጽናኛ ይሆናል ብዬ…”

“ወይራ አለ?”

“እ?”

“እዚያ ሚካኤል ወይራ አለ ወይ?”

“እኔ… በመንገድ ሳልፍ ነው ያየኋት። ወይራ የሌለው ቤተ ክርስቲያን አለ እንዴ? ስማኝ፣ ፕሮግራሜ ላይ ልጋብዝህ…”

አያ ካሤ ስልኩን ዘጋ።

“በል ሂድ!” አለ ደሞዝ። “ግብዣውን ተቀበልና እዚያው ፊቱ ላይ አዋርደው! እኛም እንመሰክራለን።”

“እናቱስ? ከቴሌቪዥን ይስሙ?”

“እውነቱን ይወቁዋ!”

“የቱን እውነት?” አያ ካሤ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀመጠ። “እሱ ያላየውን አየሁ አለ። እኔ ያየሁትን አላየሁም ብዬ አራት ዓመት ቤታቸው ስበላ ኖርኩ። የማንኛችን ይብሳል?”

ደሞዝ ክራንቹን አንሥቶ ቀስ ብሎ ወጣ።

ረቡዕ ጠዋት አያ ካሤ ወደ እማማ ወለተሥላሴ ቤት ሲሻገር አብሬው እንድሄድ ጠየቀኝ። ብቻዬን ከሆንኩ ከመንገድ እመለሳለሁ ብሎ ፈርቶ ነው። አዲሱ ሣጥን መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ ቤቱ የእንጨት ሽታ ይሸታል። አያ ካሤ በአማርኛ ጀመረ፤ ለአዛዥ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው ቆሞ፣ “በዕለቱ እንድናፈገፍግ ታዘዝን…” አለ።

“ቁጭ በል” አሉት። “በቋንቋችን ንገረኝ።”

ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ ወደ ኽምጣንጋ ዞረ። እኔ የምሰማው ጥቂት ቃል ብቻ ነው፤ የተባለውን ሁሉ ኋላ ራሱ ነገረኝ።

ዝናቡ ጭኑን ተመትቶ ነበር። ካሤ ተሸክሞት ቁልቁለቱን ወረደ፤ ገደሉ ሥር ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው። ከአንድ ዘንበል ያለ ቋጥኝ ሥር አስቀመጠው። “ሂድና ሰው ይዘህ ና” አለው ዝናቡ። የካሤ ጫማ ተቀዶ ስለነበር የራሱን አውልቆ ሰጠው። ካሤ ሄደ። መመለስ የቻለው በሦስተኛው ቀን ነው፤ የሚከተለው ሰው አላገኘም። ዝናቡን ሞቶ አገኘው። መቆፈሪያ ስላልነበረው ድንጋይ እየለቀመ ከለለውና ወጣ።

“ስትለየው ነፍሱ ነበረች?” አሉት እማማ።

“ነበረች።”

“ምን አለህ?”

“‘ጫማው ይጠብሃል፣ አትሩጥበት’ ብሎኝ ሳቀ።”

እማማ ወለተሥላሴ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ይህን እኔም አየሁት። “ይሄ ልጄ ነው” አሉ። “ያኛውን ‘አገሬን አደራ’ ያለውን ስሰማ፣ ይሄ የማን ልጅ ነው ብዬ ነበር። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።”

አያ ካሤ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ግን እግራቸውን ሰበሰቡ።

“አራት ዓመት” አሉ፣ አሁን በአማርኛ፤ እኔም እንድሰማ ይመስላል። “ልጄ ያለበትን ቦታ እያወቅህ አራት ዓመት አጉርሼሃለሁ። ተነሥ። ውጣልኝ።”

የዚያን ቀን አያ ካሤ ወደ ሥራ አልወጣም። ፓምፕ ተበላሸ ብለው የመጡ ሁለት ገበሬዎችን “ነገ” ብሎ መለሳቸው። ማታ በሩ ላይ ተቀምጦ የእሳቸውን በር ሲመለከት ትቼው ገባሁ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። እማማ ወለተሥላሴ፣ ቄሱና ሣጥኑን የያዙ ሁለት ሰዎች ቆመዋል።

“ምን ትጠብቃለህ?” አሉት አያ ካሤን፣ ዓይኑን ሳያዩ። “መንገዱን የምታውቅ አንተ ብቻ ነህ። ቅደም።”

እኔም ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ተከተልኩ። በኒሯቅ መንገድ በአይሱዙ የተወሰነ ርቀት ሄደን ወረድን፤ ከዚያ በእግር ነው። አያ ካሤ አንድ ጊዜም ቆሞ መንገድ አልመረጠም። እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው ከኋላው ይራመዳሉ፤ ሲደክማቸው እሱ ሳይዞር ይቆማል፣ ሲነሡ ይራመዳል።

ቋጥኙ ሥር የድንጋዩ ክምር እንዳለ ነበር። ርዝመቱ የሰው ቁመት ያህል ነው። መሐል መሐሉ ሣር በቅሎበታል። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ጸሎት ጀመሩ። ሁለቱ ሰዎች ድንጋዩን ሊያነሡ ጠጋ ሲሉ እማማ ወለተሥላሴ ምርኩዛቸውን አግድም ዘረጉ።

“ማንም አይንካ። የደረደረው እሱ ነው። እሱ ያንሣ።”

አያ ካሤ ተንበረከከ። የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሣ፤ ትልቅ አልነበረም። አንሥቶ ግን የት እንደሚያደርገው ግራ ገባው። በሁለት እጁ እንደያዘው ቀረ።

እማማ ወለተሥላሴ ምርኩዛቸውን ጣሉና አጠገቡ ተቀመጡ። ድንጋዩን ከእጁ ተቀብለው ጎናቸው አኖሩት።

“ሌላውን” አሉት።