መርሳ ሜዳ ላይ የተለቀሰለት ተማሪ

ወልድያ ውስጥ ነርሶችን ሳስተምር ከሁሉም አብልጬ የምወደው የአደጋ ዝግጅት ትምህርት ነበር። በዓመት አንድ ቀን ተማሪዎቼን በአውቶቡስ ይዤ ወደ መርሳ እወርዳለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከማንጎ ዛፎቹ አጠገብ ሰፊ ሜዳ አለ። ግማሾቹ መኪና ተገልብጦባቸው የተጎዱ መስለው ይተኛሉ፤ ግማሾቹ ያክማሉ። ለደም የቀይ ሥር ውሃ እንቀባቸዋለን።

የአንድ ዓመት ክፍል ግን እስካሁን ይናፍቀኛል። መንገዱን ሙሉ ሲዘፍኑ ሄደው፣ እንደደረስን ቀይ ሥሩን ሊቀቡኝ ሜዳ ለሜዳ አባረሩኝ።

"የሚጮኸውን እለፉት" እላቸው ነበር። "የሚጮህ ሰው ይተነፍሳል። መጀመሪያ ዝም ያለውን እዩ።" ቶሎ መታከም ያለበት እጁ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርለታል፤ ሊቆይ የሚችለው ቢጫ፤ በእግሩ የሚሄደው አረንጓዴ። ትንፋሽ የሌለው ጥቁር ታስሮለት ይታለፋል። "ለሞተ ሰው ጊዜ አታጥፉ" ማለት ይከብደኛል፤ ግን እላለሁ።

ጥቁሩ የደረሰው ለክፍሉ ቀልደኛ ነበር፤ ከጉባ ላፍቶ የመጣ የገበሬ ልጅ። ሳይስቅ አይተኛም ብለን ስንፈራ ጸጥ ብሎ ተዘረጋ።

የገበያ ቀን ስለነበር ሰው ቆሞ ያይ ጀመር። ከመካከላቸው አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ጥለው ወደ ሜዳው ሮጡ። "ወይኔ! ወይኔ ልጄን!" የሚያቃስቱትን ሁሉ አልፈው፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ልጅ ዘንድ ደረሱ። ቁጭ ብለው ራሱን ጭናቸው ላይ አደረጉና ፊቱን በነጠላቸው ይጠርጉ ጀመር።

ሮጬ ሄድኩ። "እናቴ፣ አይደንግጡ። የምር አይደለም፤ ትምህርት ነው።"

ቀና ብለው አዩኝ። "አውቄያለሁ። ሲተነፍስ ሰማሁት።"

"ታዲያ ለምን ያለቅሳሉ?"

"የኔው ልጅ ሥራ ፍለጋ ብሎ እንደወጣ ቀረ። ይኑር ይሙት የሚነግረኝ የለም። ለእሱ እንዳላለቅስ ሟርት ይሆንብኛል፣ ልጄ። እስቲ ለዚህ ትንሽ ላልቅስ።"

ልጁ ዓይኑን አልገለጠም፤ እንባቸው ጉንጩ ላይ ሲወርድ ከንፈሩ ብቻ ተንቀጠቀጠ። የሚያክሙት ተማሪዎች ሥራቸውን ትተው መጥተው ዙሪያቸውን ተቀመጡ። ቁስለኞቹም ተነሥተው መጡ።

ሲወጣላቸው እንባቸውን ጠርገው፣ "ተነሥ የኔ አባት። ዕድሜህን ያርዝመው" አሉት። ጉልበታቸውን ሳመ። ዘንቢላቸውን ይዞ እስከ ቤታቸው ሸኛቸው፤ እኛም አውቶቡሱን አቁመን ጠበቅነው።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን በጥቂቱ ለወጥኩት። ተማሪዎቼ አሁንም ጥቁር የታሰረለትን አልፈው ሊተርፍ ወደሚችለው ይሮጣሉ፤ ይህ አይቀየርም። ግን ከመካከላቸው አንዱን፣ ዘመዱን ሊፈልግ ከሚመጣ ቤተሰብ ጋር እንዲቀመጥ እመድባለሁ።

ያ ክፍል ተመርቆ ተበተነ። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ መጣና በቀይ ሥር ውሃ የተለማመዱት ነገር በእውነተኛ ደም ደረሰባቸው። ጊዜው ሲረጋጋ አንዳንዶቹ ደወሉልኝ። የአንዳንዶቹ ስልክ እስካሁን አይሠራም። ቁጥራቸውን ግን ማጥፋት አልቻልኩም፤ አልፎ አልፎ እሞክረዋለሁ።

ወደ ውርጌሳ ስሄድ መርሳ ላይ ወርጄ እኒያን እናት እጠይቃቸዋለሁ። ልጃቸው አልተመለሰም። ያ ቀልደኛ ተማሪዬ ሩቅ ቆላ አገር ጤና ጣቢያ ተመድቦ ይሠራል፤ በየበዓሉ ይደውልላቸዋል። ባለፈው ፋሲካ ሲደውል እኔም እዚያው ነበርኩ።

"እንኪ፣ አናግሪው" ብለው ስልኩን ሰጡኝ።

"መምህር! እርስዎ ነዎት?" ድምፁ ጎርንኗል።

"እኔ ነኝ። መቼ ነው የምትመጣው?"

"ፈቃድ ሲሰጡኝ" አለና ሊቀልድ ሲጀምር ከወዲያ ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማኝ። "በሽተኛ መጣብኝ መምህር፤ ልሂድ።"

ስልኩን መለስኩላቸው። ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ።

"ዘጋው እንዴ?"

"አዎ እናቴ፣ በሽተኛ መጥቶበት ነው።"

"ደግ አደረገ" አሉ። ስልኩን ግን ቶሎ አላወረዱትም።