ከሰኞ ገበያ የወረደው መጋረጃ

ቤት የሚሠራ ሰው መጋረጃ የሚያስበው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ግን ኮምቦልቻ ላይ የጀመርኩት ቤት ግድግዳው ሳይለሰን የእናቴን ክፍል መጋረጃ አሰፋሁ። ምክንያቴ አንድ ነው፤ እንድትመጣልኝ። የደሴ ብርድ ደረቷን ጎድቶታል፣ ሐኪሙም ቆላ ውረጂ ብሏታል። እሷ ግን ሰኞ ገበያ ካለችው አንድ ክፍል ቤቷ ንቅንቅ አልልም አለች።

ቤቷ መንገድ ዳር ነው። መስኮቱ ላይ በእጇ የጠለፈችው ስስ ነጭ መጋረጃ አለ፤ ከኋላው ቁጭ ብላ ገበያተኛውን ስታይ ትውላለች። እሷ ታያለች፣ እሷን ማንም አያያትም። ይህንን እያየሁ ነው ያደግኩት፤ አንድም ቀን ግን ልብ አላልኩትም።

ስለዚህ ወፍራም ቀይ የከፋይ ጨርቅ ገዛሁ። የደሴ ልጅ ነኝና መጋረጃ ማለት ለእኔ የብርድ መከላከያ ነው። በኮምቦልቻ ሙቀት የትኛውን ብርድ እንደምከላከል የጠየቀኝ ግንበኛው ብቻ ነበር፤ እሱንም ተቆጣሁት። አላፊ አግዳሚው እንዳያያት ብዬ መስኮቱን ከፍ አስደረግኩ፣ ጨርቁንም በልኩ አስቆረጥኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

መጥታ እንድታየው ለመንኳት።

«መጋረጃዬን ሳላወርድ ነው የምመጣው። አይቼ እመለሳለሁ» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ እኛ ሰፈር መጋረጃው የወረደ መስኮት ሰው የለቀቀው ቤት ነው።

መጣች። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አይታ «ማሻአላህ» አለች። የግንበኛውን በርጩማ ጎትታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠችና አንገቷን ወደ ላይ ሰገገች።

«ምነው እማ?»

«ልጄ፣ ይሄ መስኮት ለቆመ ሰው ነው። እኔ የምውለው ተቀምጬ ነው።»

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ደረቷን አድናለሁ ብዬ ዓይኗን ልዘጋባት ነበር።

«እማማ፣ ዝቅ ካደረግነው መንገደኛው ሁሉ ያይዎታል እኮ» አላት ግንበኛው።

«አብሽር፣ ለሱ መላ አለው» አለችው። መላው ምን እንደሆነ ሳትነግረን ወደ ደሴዋ ተመለሰች።

ከመስኮቱ ሥር ያለውን ግንብ አንድ ክንድ ያህል አፈረስነው። በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ ብሞክረው፣ ከፋብሪካ የሚወጡት ሴቶች እየተሳሳቁ ሲያልፉ ፊታቸው ሳይቀር ይታያል። ደስ ብሎኝ ከፋዩን ሰቀልኩት። አንድ ክንድ አጠረ። ግንበኛው ፊቱን አዙሮ ሳቀ፤ በዚህኛው ልቆጣው አልቻልኩም።

ለእናቴ ደውዬ ጉዴን ነገርኳት፤ መስኮቱ ዝቅ ማለቱን፣ መጋረጃው ማጠሩን፣ የመስኮቱ ሥር ራቁቱን መቅረቱን። ሳቋ በስልኩ መጣ፣ ሳሉም ተከተለው። እስኪያባራላት ጠበቅኩ።

«አላህ ሳይደግስ አይጣላም» አለች። «እንግዲያስ ና፤ መጋረጃዬን አውርድልኝ። ለሥሩ እሱ ይበቃዋል።»

ስልኩን እንኳ በወጉ ሳልዘጋ ወደ መናኸሪያ ወጣሁ።