ብሎጌ ላይ የታመመችው እናቴ

ትናንት ብሎጌን ስከፍት፣ ፌስቡክ ላይ የምጽፈው እዚህም እንዲታይ እፈልግ እንደሆነ የሚጠይቅ ነገር ብቅ አለብኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ምን ያውቃል እሱ፣ የእኛን ቤት ጉድ አልሰማ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። መካነ ሰላም ውስጥ ብሎግ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ እኮራለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። የማትቀር አንባቢዬ ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ ሰዓዳ ነበረች። ፌስቡክ የላትም፤ የገበያውን ጭቃም የጎረቤቱን ጠብም የምታገኘው ከብሎጌ ነው። አንድ የጥር ጠዋት ታዲያ፣ አንዱን ነገር ሁለት ቦታ መለጠፍ ሰለቸኝና ብሎጉንና ፌስቡኩን አገናኘኋቸው። ሠራልኝ። የገብስ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ወደ ገበያ ወጣሁ።

ለካ የድሮውን የፌስቡክ ጽሑፌንም ሁሉ ወደ ብሎጌ ጎትቶ አምጥቶ የዚያን ዕለት ቀን ለጥፎበታል። ከላይ ጉብ ያለው ደግሞ እናታችን በሐሞት ጠጠር ደሴ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ የጻፍኩት ነው፦ «እማ ቀዶ ጥገና ልትገባ ነው፤ በዱዓ አስቡን።» እማ ከዳነች ቆይታለች። ሰዓዳ ግን ያኔም አልተነገራትም። ባሕር ማዶ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አንነግርም፤ ባዕድ ቤት ብቻዋን ታልቅስ እንዴ?

ገበያ መሀል ስልኬ ጠራ፤ ሰዓዳ ናት።

«እማ የት ናት?»

«አቀስታ፣ ሠርግ ሄዳለች።»

ለቅሶዋን ለቀቀችው። እማ እውነትም አቀስታ ነበረች፤ የአጎቴ ልጅ እየተዳረ ነው። ግን ሞት ስንደብቅ የምንለውም ይህንኑ ነው፤ ሠርግ ሄደ፣ ስልኩ ተበላሸ። የእማም ስልክ ዝግ ነው፤ ዘመድ ጋ ብንደውል በዚያ ሁሉ ከበሮ ማን ይሰማል። ደህና ናት ባልኩ ቁጥር ለቅሶዋ ባሰ። ቤት ስገባ አባቴ ስልኩን ተቀብሎኝ ወላሂ ደህና ናት አላት። አባ መሐላ የማይወድ ሰው ነው፤ ሲምል ስትሰማ ጭራሽ ተስፋ ቆረጠች። ሥራዋን ጥላ ልትመጣ ሻንጣ አወጣች። አንዴ ከወጣች ደግሞ ተመልሳ መግባት የለም።

ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ አቧራ እየቃምኩ አቀስታ ገባሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እማን ከዳሱ ጎትቼ አወጣኋትና ነገሩን አስረድቼ ደወልኩ። ኔትወርኩ ምስል አይስብም፤ ድምፅ ብቻ ነው። የእማ ድምፅ ደግሞ በእልልታ ተዘግቷል።

«ሰዓድዬ፣ አብሽሪ፣ ደህና ነኝ።»

«ይሄማ የበሽተኛ ድምፅ ነው» አለች እህቴ እያለቀሰች።

እማ ትንሽ አሰበች። ወደ እግሯ ጎንበስ ብላ አየች።

«ስሚ፣ የላክሽው ጫማ ጠቦኛል። ልኬ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው፤ ይኸው ሠርግ ላይ ተረከዜን ልጦኝ አነክሳለሁ። ብርድ ልብሱም ያሳክካል። ያ የጁስ መፍጫ የተባለውም ገና ስናበራው ጨሰ።»

ከማዶ ሳቅ መጣ፣ ለቅሶ የቀላቀለ ሳቅ። ከቤቷ አልሃምዱሊላህ ብቻ ስትሰማ ለኖረች ልጅ፣ ስሞታው ከመሐላው በላይ ታመነ። ሻንጣዋን መለሰች። እማ ግን አንዴ ከጀመረች ማን ያስቁማት፤ ሙሽራው እስኪገባ ድረስ የተላከላትን ሁሉ ስትወቅስ ቆየች።

የትናንቱን የብሎጉን ጥያቄ እንቢ ብዬ ዘጋሁት። ሩቅ ላለ ሰው ቤቱን የሚያቀርብለት ትንሽ ስሞታ እንደሆነ ያኔ አቀስታ ላይ ነው የገባኝ። ሰዓዳ ዛሬም ጅዳ ናት። ስትደውል እማ ሰላምታውን ሳትጨርስ ትጀምራለች፦ ጉልበቷ፣ ዶሮዎቹ፣ እኔ። እህቴም ሰምታ፣ እፎይ ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ባለፈው ሳምንት ግን እማ የምታማርረው አጥታ «ሁሉም ደህና ነው» ብላ ዘጋችው።

ወዲያው የእኔ ስልክ ጠራ። «እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ ሰዓዳ፣ «እማ ምን ሆናለች?»