ሎሚና ትራምፔት

ከባለቤቴ ከኤልያስ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ያደረግነው ተራ ነገር ፓፓያ መብላት ነው። ጠዋት ነበር፤ ሙቀቱ ገና አልበረታም። በረንዳ ላይ ተቀምጠን ፓፓያው ላይ የምጨምቀውን ሎሚ ለመቁረጥ ቢላ ሳነሳ፣ እንደ ሁልጊዜው ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ለግድግዳው ሰጠ።

«ጨረስሽ?» አለኝ።

«ጨርሻለሁ፤ ዙር» አልኩት። ውሸቴን ነበር። ዞሮ ሎሚውን እጄ ላይ ሲያየው ሁለታችንም ሳቅን። በሳምንቱ አረፈ። ለቅሶ ከደረሱት ሁሉ የዚያን ግድግዳ ነገር የምታውቀው የልጅነት ጓደኛችን ፋጡማ ብቻ ነበረች። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ልጆች ሳለን ከዚራ ሰፈር በሚገኘው ትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ነበር። የሚያስተምሩን ጋሽ በቀለ የሚባሉ፣ ከማርሽ ባንድ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔ ክራር እየመታሁ እዘፍናለሁ፤ ፋጡማ ከበሮ ትመታለች። ትራምፔት ግን ለክበቡ ሁሉ አንድ ብቻ ነበረ፤ እሱም ኤልያስ ጋር ነው። መወልወያ ጨርቁን እንኳ ለሌላ ሰው አያስነካም ነበር። አንድ ጊዜ በዓመት መዝጊያው በዓል ላይ ታዲያ መድረክ ወጥቶ አንድ ድምፅ ሳያሰማ ተመለሰ። ጋሽ በቀለም ቁርጡን ነገሩት፤ በሚቀጥለው ዓመት መዝጊያም ካልነፋ፣ ትራምፔቱ ለሌላ ልጅ ይሰጣል።

መድረክን የማይፈራ ማን ነበር? ፋጡማ ሽንት ቤት ስትመላለስ ትውላለች። ልንወጣ ስንል እሷ «ቢስሚላሂ» ትላለች፣ እኔ አማትባለሁ፤ ከዚያ ለጥንቃቄ እኔም ቢስሚላሂ እላለሁ፣ እሷም «ለእኔም አማትቢልኝ» ትለኛለች። የእኔ አፍ ደግሞ ይደርቃል። ስለዚህ እናቴ የምመጥጠው ግማሽ ሎሚ ዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ ትከትልኝ ነበር።

ጋሽ በቀለ የራሳቸው መድኃኒት ነበራቸው። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ ከጀልዴሳ በኩል የመጡ ግመሎች አሸዋው ላይ ያርፋሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ወስደው ግመሎቹ ፊት ያጫውቱናል። ግመል አያጨበጭብም፤ እያመነዠከ ከላይ ወደ ታች ያይሃል። «ግመል የናቀውን ልጅ ሰው አያስደነግጠውም» ይሉ ነበር። አንድ የግመል ባለቤት ሽማግሌ ኤልያስ ሲነፋ ሰምተው በሶማልኛ ተናገሩ። «ግመሏ ጆሮዋን ስላቆመችለት ሚስት አያጣም ብለዋል» ብላ ፋጡማ ስትተረጉምልን፣ እሱ አንገቱን ደፋ። እኔም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደፋሁ።

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። አየሩ የፀጉር ቅባትና የተወለወለ ወለል ይሸታል። መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። ዘፈኑን ጨረስኩት፤ ጭብጨባው ሲወርድ ጣሪያው የሚነሳ መሰለኝ። በደስታ ሰክሬ ሮጬ ወረድኩና የፊት ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። አፌ አሁንም ደረቅ ስለነበር ሎሚዬን አውጥቼ መምጠጥ ጀመርኩ።

ኤልያስ ወጣ። ትራምፔቱን አነሳና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ሎሚ ሲመጠጥ ያየ ሰው አፉ ምራቅ ይሞላል፤ ምራቅ የሞላው አፍ ደግሞ ትራምፔት አይነፋም። ከመሣሪያው የወጣው ድምፅ የጥጃ ነበር። ሕዝቡ ሳቀ። ደግሞ ሞከረ፤ ባሰ። ጋሽ በቀለ ሊያስወርዱት ከመጋረጃው ጎን አንድ እግራቸውን አስቀደሙ። እኔ ግን፣ ሞኟ፣ እያዘንኩለት ሎሚዬን መምጠጤን ቀጠልኩ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ፋጡማ በክርኗ ጎሸመችኝ። «አቦ ሎሚሽን ደብቂ! አንቺ እኮ ነሽ!»

በድንጋጤ ግማሹን ሎሚ ከነልጣጩ አፌ ውስጥ ጨመርኩት። ጉንጬ አበጠ፣ እንባዬ ወረደ። ኤልያስ ያንን ፊት አየና መድረክ ላይ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲወጣ ፍርሃቱም አብሮ ወጣ መሰለኝ፤ ምራቁን ዋጠ፣ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጠ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነፋ። አንድም ሳይሳሳት፣ እስከ መጨረሻው። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ፤ እኔም አፌ እየተቃጠለ አብሬ አጨበጨብኩ። ርዕሰ መምህሩ ለሕዝብ ጀርባ መስጠት ነውር ነው ብለው ሲቆጡ፣ ጋሽ በቀለ «ትራምፔት በጀርባም ይሰማል» አሉ። መሣሪያው እሱ ጋር ቀረ።

ግመሎቹ ያርፉበት በነበረው ዳር ዛሬ ባጃጆች ይሰለፋሉ። የዛሬ ልጆች ዘፈኑን ከስልካቸው ሰምተው በአንድ ቀን ይይዙታል፤ እኛ ወር ይፈጅብን ነበር። መድረክ ሊወጡ ሲሉ ግን እንደ እኛው ሽንት ቤት ይመላለሳሉ።

አሁን ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ የሰፈር ልጆችን ክራር አስተምራለሁ። አፋቸው ለሚደርቀው ሎሚ እቆርጣለሁ። የኤልያስን ትራምፔት የምትነፋ አንዲት ልጅ ስላለች፣ የምቆርጠው ወደ ግድግዳው ዞሬ ነው።