ዓሣ ጠባሹ ኖርበርትና ደጋግ እንግዶቹ

ኖርበርት ኬስለር የራሱን ምግብ ቤት በከፈተበት ዓመት፣ በአሜሪካ ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን በሸቦይገን፣ ስምንተኛው መንገድ ላይ ሌሎች ሁለት አዳዲስ ቤቶችም ተከፍተው ነበር። የአንደኛው ባለቤት መጠጡን በማርመላታ ብልቃጥ ያቀርብ እንደነበር ትዝ ይለኛል። የሌላውን ግን ስሙን እንኳ ዘንግቼዋለሁ። የኖርበርትን አልረሳሁም፤ ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ መጠጥ የምቀዳው እኔ ነበርኩና።

ኖርበርት ረጅም፣ ዐይነ አፋር፣ ክንዱ ሁሉ በዘይት ፍንጣሪ የተጠባበሰ ሰው ነበር። ወጣትነቱን የጨረሰው ወደቡ አጠገብ በነበረው አሮጌ መጠጥ ቤት ለሰው ተቀጥሮ ዓሣ ሲጠብስ ነው። ዓርብ ማታ ግማሹ ከተማ እዚያ ይሰበሰብ ነበር፤ ካቶሊኩ ሁሉ ዓርብ ሥጋ ትቶ ዓሣ በሚበላበት በዐቢይ ጾም ወራትማ ሰልፉ እስከ ጀልባዎቹ ድረስ ይደርሳል። ሕዝቡ ኖርበርት የጠበሰውን ይበላል እንጂ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። እርሱም ከጓዳው በር በኩል አሾልኮ ያንን ሰልፍ እያየ «አንድ ቀን ለራሴ» ይል ነበር። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሞተው ቤቱ ሲፈርስ፣ ኖርበርት የእናቱን ቤት ሸጠና ቀድሞ ጫማ መሸጫ የነበረውን ክፍል ተከራየ። ከዚያ ወዲያ የቀረው ነገር ያ ሰልፍ በእርሱ ደጅ መቆሙ ብቻ ነበር።

ልንከፍት አንድ ሳምንት ሲቀረን፣ ጠርሙስ ስደረድር መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ዶሪን፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ለሰው እንዳታወሪ።»

«ምነው፣ በስተርጅና ሚስት ልታገባ ነው?»

«አንቺ አሹፊ! ያን ክረምት ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ጣዕም የሚባል ነገር የለኝም። ጨው በለው ስኳር በለው፣ አፌ ውስጥ አሸዋ ነው።»

ሳቄ ጠፋ። «ታዲያ እንዴት ልታበስል ነው አንተ ሰው?»

«እጄ ያውቀዋል። ካጠፋሁ ደግሞ ሰው ይነግረኛል።»

በዚያች ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ማለቱ ዛሬም ይገርመኛል። የኛ ሰው ባለቤቱ ፊት ቆሞ «ምግብህ አይጥምም» ከሚል ጥርሱን ቢያስነቅል ይመርጣል። ከምግቡ የሚተርፍም እንደሆነ ሳህኑ ላይ ጥሎ መሄድ ነውር ስለሆነ፣ በካርቶን አሳሽጎ ይዞት ይወጣል።

ለሙከራው እራት ጎረቤቱንና የደብሩን ሰው ሁሉ በነጻ ጋበዘ። እንግዶቹ በልተው ጉድለቱን እንዲነግሩት ነበር ሐሳቡ። ሽርጡን እንደታጠቀ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ይጠይቃል።

«እንዴት ነው ወይዘሮ ኢርማ?»

ወይዘሮ ኢርማ ሽሊችቲንግ ሦስተኛ ብርጭቆ ውኃቸውን እየጨረሱ ነበር። «ኧረ ምንም አይልም! ደህና ነው እንጂ» አሉት። በእኛ ዘንድ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። «ብቻ ሆዴ ሞላ። የቀረውን ለነገ ብታሽግልኝስ?»

ኖርበርት ፊቱ በራ። በየካርቶኑ ላይ የባለቤቱን ስም በወፍራም እስክሪብቶ እየጻፈ ሲያድል አመሸ፤ ከዚያ ወዲያም ልማዱ አደረገው። እኔ ዘንድም ቢራውና ብራንዲው እንደ ጉድ ነበር የሚቀዳው።

«ዶሪን፣ ገበያሽ ደርቷል!»

«ሕዝቡ ተጠምቷላ!»

እንግዶቹ ሲወጡ ከተረፈው አንድ ቁራጭ ቀመስኩ። ምላሴን ጠቅልዬ ልውጠው ምንም አልቀረኝም። «ኖርበርት» አልኩት፣ «ይሄ ዓሣ ጨው ነው። ጨው ብቻ ነው።»

«አንቺ ደም ግፊት ይዞሽ ጨው ከተውሽ ስንት ዘመንሽ! ላንቺማ ዳቦውም ጨው ነው።»

«የእውነቴን እኮ ነው!»

«ያ ሁሉ ሰው አሳሽጎ እስከ ቤቱ ይዞት ሄዷል። ሰው የማይጥመውን ይሸከማል?» አለና እየሳቀ ወደ ጓዳ ገባ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለ አዳዲስ ምግብ ቤቶች በጋዜጣ የሚጽፈው ወጣት መጣ። እርሱም የአገሩ ልጅ ነው። መብራቱ ለዐይን እንደሚስማማ፣ መኪና ማቆሚያው ሰፊ እንደሆነ፣ ባለቤቱም ትሑት መሆኑን አሳምሮ ጻፈ። ስለ ዓሣው አንድም መስመር አልነበረም። ኖርበርት ጽሑፉን በመስታወት አስገብቶ ከበሩ አጠገብ ሰቀለው። ስልካቸው ላይ አስተያየት የሚጽፉትም ሁሉም አምስት አምስት ኮከብ ሰጥተውታል። አንዱ ወንበሩን፣ አንዷ አበባውን ታመሰግናለች። ከእነርሱ ተመልሶ የመጣ ግን አላየሁም።

በጋው እንዲህ አለፈ። ዓርብ ዓርብ ከጠረጴዛው ግማሹ፣ በኋላም ሢሶው ብቻ ይያዝ ጀመር። ኖርበርት ጥፋቱን አንድ ጊዜ በመንገዱ ሥራ፣ አንድ ጊዜ በእግር ኳስ ጨዋታ ያመካኛል። መንገድ ላይ ያገኙት ደግሞ «እንመጣለን! ሰሞኑን ሥራ በዝቶብን ነው እንጂ» ይሉታል፤ ያምናቸዋል።

በኅዳር ወር አንድ ዓርብ የሐይቁ ነፋስ ሌሊቱን ሲያገሣ አድሮ፣ መኪና ማቆሚያው ዳር ያለውን የቆሻሻ በርሜል ገለበጠው። ጠዋት ስመጣ ኖርበርትን ደጅ ቆሞ አገኘሁት። ሜዳው ሁሉ የትናንት ማታ እንግዶች ያሳሸጉት ካርቶን ነው። አንዳቸውም አልተከፈቱም። የሁሉም ላይ የገዛ እጁ ጽሑፍ አለ፤ ለወይዘሮ ኢርማ፣ ለቄሱ፣ ለሐኪሙና ለሚስቱ። ሰዎቹ እስከ ቤታቸው እንኳ አልታገሡም። መኪናቸው ውስጥ ሳይገቡ ነው የጣሏቸው።

አንድ በአንድ ለቀማቸው። ላግዘው ብል እጄን ገፋው። ሲጨርስ «ጨው ነው ያልሽኝ?» አለ።

«ጨው ነው።»

ጓዳ ገብተን ዓሣው የሚለወስበትን የዱቄት ከረጢት አገላብጬ አነበብኩለት። ቤቱን ከከፈተ ወዲህ የያዘው አዲስ ነጋዴ የሚያመጣው ዱቄት ከፋብሪካው ጨው ተደባልቆበት የሚመጣ ነው። ኖርበርት ደግሞ እንደ ድሮው በእፍኙ ይጨምርበታል። በዚያው ሰዓት ሌላ ጨው ሳይጨምር አንድ ቁራጭ ጠበሰልኝ። ቀመስኩት። የወደቡ ዓሣ ነበር፤ ልጆች ሆነን ጣታችንን እየላስን የበላነው ያው ዓሣ።

«አሁንስ?»

«አሁን ልክ ነው። እግዜር ያሳይህ፣ ልክ ነው።»

ዐይን ዐይኔን አየኝ።

ዐቢይ ጾም ገባ። ለመጀመሪያው ዓርብ ዘጠና ሰው የሚያጠግብ ዓሣ ገዝቶ በበረዶ አስቀመጠ። ከተማው ግን ሌላ ቦታ ለምዷል። መኪናው ሁሉ ደጃችንን እያለፈ፣ ለጾሙ ዓሣ ጠብሰው ወደሚሸጡበት ወደ ደብሩ አዳራሽ ይነጉዳል። ዓሣችን መስተካከሉን የሚያውቅ የለም፤ መጀመሪያ መበላሸቱን የተናገረ ስለሌለ፣ አሁን ተሻለ ብሎ ለጎረቤቱ የሚነግርም አይኖርም። ወይዘሮ ኢርማ ብቻ መጡ። ከዓሣው እሾህ በቀር ምንም አላስቀሩም፤ ሳህኑን በዳቦ ጠረጉት።

ኖርበርት ቀረብ ብሎ ጠየቃቸው።

«ኧረ ምንም አይልም! ደህና ነው እንጂ» አሉት።

ጓዳ ሲገባ ተከተልኩት። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ያኔም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ቃል በቃል።»

«ሳህኑን እየው እንጂ! ባዶ እኮ ነው!»

«አዝነውልኝ ይሆናል የበሉት።»

«እኔስ? ጨው ነው ብዬ የነገርኩህ እኔ አይደለሁም? አሁንም ጥሩ ነው የምልህ እኔው ነኝ።»

«ያኔ አላዘንሽልኝም ነበር ዶሪን። አሁን ግን ታዝኚልኛለሽ። ዐይንሽ ያስታውቃል።»

 አዎ፣ አዝኜለት ነበር። ዓሣው ልክ መሆኑም እውነት ነበር። ሁለቱን ለይቼ እንዴት እንደማስረዳው አላወቅሁም፤ ቀምሶ እንዳይለይ ደግሞ ምላስ የለውም።

ያን ጊዜ የፊት ለፊቱ በር ተከፈተ። ስድስት ሆነው መጡ፤ ባልና ሚስት ከአራት ዘመዶቻቸው ጋር፣ ከጫማቸው በረዶ እያራገፉ። የአዳራሹ ሰልፍ ቢረዝምባቸው ነው።

ኖርበርት ድምፃቸውን ሰምቶ እጁን ወደ መጥበሻው ዘረጋና እሳቱን አጠፋው።

«ዓሣ አልቋል በያቸው።»

«ኖርበርት!»

«አልቋል በያቸው፣ እባክሽ። ደግሞ ፊታቸውን ሳይ ላመሽ አልችልም።»

ወጣሁና ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ መጎናጸፊያዋን መልሳ ጠመጠመች። «አይ፣ ችግር የለም! ሌላ ጊዜ እንመጣለን። ቤቱ ግን እንዴት ያምራል!» አለች።

ከፋሲካ በፊት ቁልፉን ለባለ ሕንፃው መለሰ።