ያጠረው የምድጃ ሽቦ

በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የራሳችን የምንሆን ሴቶች ነበርን። አምስታችን ሪያድ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በየቪላው ተቀጥረን እዚያው የምናድር ሠራተኞች ስንሆን፣ ስድስተኛዋ እትዬ የምንላት፣ ሁላችንንም በዕድሜ የምትበልጥ የኮምቦልቻ ሴት ናት። ዴም በሚባለው የድሆች ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተን እሷ ትኖርባታለች፤ እኛ ሻንጣችንን እናስቀምጥባታለን፣ ጁምዓ ጁምዓ ደግሞ እንሰበሰብባታለን። ሻንጣውን አሠሪ ቤት የሚያስቀምጥ ሞኝ ነው፤ የተባረረ ቀን ባዶ እጁን ይወጣል። ስለዚህ የስድስታችንም ንብረት በዚያች ክፍል አንድ ግድግዳ ሥር ተደርድሮ ነበር።

እኔ ሳልሰደድ በፊት ደሴ ኤሌክትሪክ ተምሬአለሁ። አልጨረስኩትም፤ ዴም ውስጥ ለመኮፈስ ግን በቂ ነበር። የተበላሸ ካውያና ማራገቢያ ይዘውልኝ ይመጣሉ፣ «ሙሀንዲሳ» ይሉኛል። ሳምንቱን ሙሉ «ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ውኃ አምጪ» ስባል ከርሜ መሐንዲስ መባሉን መጥላት አልቻልኩም። እውነቱን ልናገር፣ ይጥመኝ ነበር።

ያን ጊዜ የእትዬ እናት በጠና ታመው ነበር። «በዓይነ ሥጋ ልያት» ብለው ልከውባታል። እትዬ ዘጠኝ ዓመት አላየቻቸውም። ወራት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተንከራታ ፓስፖርቷ ላይ ታሺራ፣ የመውጫው ቪዛ፣ ተመታላት። ሰኞ ማለዳ ወደ አገራችን ድንበር፣ ወደ ገላባት፣ በሚሄደው አውቶቡስ ልትሳፈር፣ ፓስፖርቱን በፌስታል ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው።

ከመሄዷ በፊት ባለው ጁምዓ ምሳ አብረን በልተን ልንሸኛት ተሰበሰብን። ወጡ ተጥዶ ሳለ የኤሌክትሪክ ምድጃው ሽቦ ተበጠሰ። ይህ ሦስተኛው ነው። ሁለቱንም ጊዜ የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጬ ጥዬ፣ የቀረውን ለጥጬ መልሼ ሰክቼዋለሁ። አሁን ስቆርጠው ከዋናው ሽቦ ግማሹ ብቻ ነው የቀረኝ።

«እሰይ፣ ሲያጥር ይሻለዋል፤ ቶሎ ያፈላል፣ መብራትም አይበላም» አለች አንዷ። ሁሉም የሚያምኑት እንደዚያ ነበር፤ ሽቦው ባነሰ ቁጥር መብራቱም የሚያንስ ይመስላቸዋል። እኔ ግን አውቃለሁ። ምድጃው ሥር 220 ቮልት፣ 5 አምፒር የሚል ታትሟል። ቮልቱን ለአምፒሩ ሲያካፍሉት 44 ኦም ይመጣል፤ ሽቦው መብራቱን የሚይዝበት ልጓም ማለት ነው። ቮልቱን በአምፒሩ ሲያባዙት 1100 ዋት፤ ይህ ምድጃው የሚበላው ነው። ሽቦው በግማሽ ሲያጥር ልጓሙ ይላላል፦ 22 ኦም። 220 ለ22 ሲካፈል 10 አምፒር፤ 2200 ዋት። እጥፍ ነው! አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሒሳብ ነው። አስተማሪያችን በኩርኩም ያስገባልን ሒሳብ ነው።

ያን ቀን አላሰላሁትም። ሱቁ ጁምዓ ዝግ ስለሆነ አዲስ ሽቦ የሚገኘው ነገ ነው፤ ሆሹ፣ ግቢው ውስጥ ደግሞ ከሰል ነበር። «ዛሬ በከሰል እንሥራ» ማለት ምን ያቅተኝ ነበር? ግን አምስት ሴቶች ቆመው እጄን ያያሉ፣ «ያላ ሙሀንዲሳ!» ይላሉ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ ነው። ለጥጬ ሰካሁት። ሽቦው ደም መሰለ፣ ወጡ ወዲያው ተንተከተከ፣ ተጨበጨበልኝ።

የምድጃው ገመድ ሶኬቱ ጋ ስለማይደርስ ለአምፖል በሚሆን ቀጭን ገመድ ቀጥዬው ነበር። ገመዱ የሚያልፈው በሻንጣዎቹ ሥር ነው። አምስት አምፒር እንኳ ሲበዛበት ያተኩሰው ነበር።

ክፍሉ ስለሚሞቅ ሆሹ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠን እንሳሳቃለን። እትዬ ለእናቷ የገዛችውን ነጠላ እያሳየችን ነበር። ጭሱን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ሮጬ ቆጣሪውን አጠፋሁ፣ በአሸዋና በብርድ ልብስ አፈንነው። ሦስት ሻንጣ ተቃጠለ፤ የእትዬ ከታች ነበር። ፌስታሉ ቀልጦ ፓስፖርቱ ላይ ተጣብቋል። ስትገልጠው ቅጠሎቹ እጇ ላይ ፈረሱ።

አላለቀሰችም። «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው» አለች። ሌሎቹም «ቀደር ነው፣ ማዐሌሽ፣ አይዞሽ» አሉ። እኔም አብሬ «ቀደር ነው» አልኩ። ከቆረጥኩት ሽቦ ቀደር ምን አገባው? ማታ አሠሪዬ ቤት ሰሐን እያጠብኩ ነበር ያሰላሁት። ሒሳቡ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

በሳምንቱ እትዬ ለብቻዬ አግኝታ ጠየቀችኝ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ምን ነክቶት ነው የተቃጠለው?»

«ገመዱ አርጅቶ ነው» አልኳት።

«አዬ፣ እኔ ደግሞ የምድጃው ሽቦ መስሎኝ አንቺን ጠርጥሬ። አላህ ይቅር ይበለኝ» አለችና ትከሻዬን አቀፈችኝ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። መልሼ አቀፍኳት።

አዲሱ ፓስፖርት ሳይወጣ እናትዬው ሞቱ። መርዶው ደርሷት ለቅሶ ልንቀመጥ ስንሰበሰብ፣ ሴቶቹ ለሻይ ምድጃውን በሰፈሩ ሠራተኛ ሊያሠሩት ሲሉ እትዬ ቀና ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። «ሌላ ሰው አይንካው» አለች፤ «እሷ ትሥራልኝ። የማምነው የእሷን እጅ ነው።»

አዲስ ሽቦ ገዝቼ መጣሁ። በተዋስኩት ቴስተር ለካሁት፤ 44 ኦም። ሶኬቱ ድረስ ወፍራም ገመድ ዘረጋሁ፣ በሻንጣ ሥርም አላሳለፍኩትም። ሁሉም ነገር ልክ ነበር። ሻዩ ፈልቶ ለለቅሶተኛው ሲታደል የመጀመሪያውን ብርጭቆ እትዬ በእጇ ለእኔ ሰጠችኝ።