የሽምብራዋ ፋውል

ሱቄን እንኳ ሳልዘጋ ነበር የወሰዱኝ። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ካለ አሮጌ የእህል መጋዘን አስገቡኝ። በሩ ሲዘጋ ምንም አይታይም፤ የጤፍ ብናኝ አፍንጫዬን ሞላው። ከጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ፣ «ና፣ እዚህ ግድግዳውን ተደገፍ» አለኝ። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። እዚያ የታሰርን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው።

ግቢው ውስጥ መረቡ ያለቀ የቅርጫት ኳስ ቀለበት ነበር። አንድ እሑድ የጥበቃ አዛዡ፣ «ከኛ ልጆች ጋር ተጫወቱ። ካሸነፋችሁ በሩ እስኪመሽ ክፍት ይሆናል» አለን። ፀሐይ የምናየው ለሽንት ስንወጣ ብቻ ስለነበር እንደ ልጅ ዘለልን።

ጋሼ ዳኛ ሆኑ። አዛዡ በየማለዳው የሚቀሰቅሰንን ፊሽካ አዋሳቸው። ጥበቃዎቹ ፋውል በሠሩ ቁጥር ጋሼ አንድ ጠጠር ኪሳቸው ይከታሉ። አምስተኛው ሲገባ ለኛ ሁለት የቅጣት ውርወራ ይሰጣል።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ እየመሩን ሳለ አንዱ ጥበቃ ገፈተረኝ። ጋሼ ኪሳቸውን ዳበሱ።

«ሞልቷል! ሁለት ውርወራ!»

በዕድሜዬ ሁለት ተከታትሎ ገብቶልኝ አያውቅም። ያን ቀን ገባልኝ። ጓደኞቼ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ፤ እኔ ግን የማየው በሩን ነበር።

ጥበቃዎቹ ኳሱን ሊያስገቡ ሲሉ ፊሽካው ጮኸ። ጋሼ ኪሳቸውን አራግፈው መዳፋቸውን ያያሉ። አራቱ ጠጠር ናቸው። አምስተኛዋ ባለቤታቸው ከይጁቤ ካመጡላቸው ቆሎ የተረፈች ሽምብራ ናት።

«ውርወራው ተሽሯል፤ ነጥቡም አይያዝም» አሉ። «ኳሱን ከጎን አስገቡ።»

«ኧረ ጋሼ፣ በሩስ?» አልኳቸው። እንባዬ መጥቶ ነበር።

አዛዡ ሳቀ። «ይተውት አባቴ፣ ማን አየ?»

«እኔ አየሁ። ጨዋታው ሳይቀጥል ካየሁት ማረም አለብኝ።»

ኳሱን ከጎን አስገባን፤ ሳትን፤ ተሸነፍን። በሩ እንደተዘጋ አኮረፍኳቸው። ጋሼ ሽምብራዋን ለሁለት ከፍለው ግማሿን እጄ ላይ አኖሩልኝ። ከኩርፊያዬ ጋር በላኋት።

ከወራት በኋላ ያው አዛዥ በሩን ከፍቶ፣ «እናንተ በስህተት ነው የተያዛችሁት። ሂዱ» አለን። ጋሼ ኮታቸውን አራግፈው ለበሱና ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«ስህተቱን መቼ ነው ያወቃችሁት?»

አዛዡ መሬት መሬት አየ። ጋሼ ቀስ ብለው ወጡ።

እስር ይናፍቃል ወይ ብትሉኝ አይናፍቅም። ያቺ እሑድ ግን ትናፍቀኛለች፤ የጋሼ ፊሽካ አሁንም ይሰማኛል። ዛሬ ደጀን ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። በስልክ ባገኘኋቸው ቁጥር፣ «ጋሼ፣ ሁለቱን ነጥቤን ይመልሱልኝ» እላቸዋለሁ።

«ግማሿን በልተህ የምን ነጥብ ነው?» ይሉኛል።